ቆዳን የሚወጋ ሁሉ ሐኪም ይሁን
ሜዞቴራፒን፣ ማለትም መድኃኒትን በትንሽ በትንሹ በመርፌ ወደ ቆዳ ማስገባትን፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ሚሼል ፒስቶር በ1952 እ.ኤ.አ. ሲጀምረው ሐሳቡ ሕመም ማስታገስ ነበር፤ ዛሬ ግን ፊት ያጠራል፣ ፀጉር ያበዛል፣ ስብ ያቀልጣል እየተባለ በውበት ሳሎን ጭምር ይሸጣል። ቫይታሚንም ይሁን ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ ቆዳን ወግቶ የሚገባ ነገር ሁሉ የሕክምና ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ክሬም ቢያቃጥል ይታጠባል፤ የተወጋ ፈሳሽ ግን ተመልሶ አይወጣም። በ2005 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ፈቃድ ከሌለው ሰው እጅ ይህን መርፌ የወሰዱ 14 ሰዎች ቆዳቸው ተጎድቷል። በእንዲህ ያለ ጉዳት ደጋግሞ የሚገኘው የሳንባ ነቀርሳ አምጪው ዘመድ የሆነ፣ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ሳይቀር የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከመርፌው ሳምንታት በኋላ እብጠትና መግል ያመጣል፤ ብዙዎቹ የተለመዱ አንቲባዮቲኮች አይበግሩትም፤ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፤ ሲድንም ጠባሳ ሊተው ይችላል። ውበት ፍለጋ ሄዳ በጠባሳ የምትመለስ ሴት ነገር ያንገበግበኛል። ደግሞም በዚህ መርፌ የሚሰጡት ብዙዎቹ የመድኃኒት ቅይጦች እንደሚባለው ለመሥራታቸው አስተማማኝ ማስረጃ የላቸውም። ይህን ከታካሚ መደበቅ፣ መርፌው በንጽሕና ቢሰጥ እንኳ፣ ማታለል ነው። ሐኪሙ የሚወጋውን መድኃኒት በስሙ ሊናገር፣ ስለ አለርጂና ስለ እርግዝና ሊጠይቅ፣ ካልሆነም «ይህ ለአንቺ አይሆንም» ብሎ ገንዘቡን ሊተው ይገባል። እናንተም የመድኃኒቱ ብልቃጥ ዓይናችሁ እያየ ካልተከፈተ፣ በላዩ የተጻፈውንም ካላነበባችሁ፣ ፊታችሁን ለመርፌ አትስጡ።