የድንጋዩ ዓይነት ለገዢው ይነገረው

በወልድያና በመርሳ አዲስ ቤት የሚሠሩ ሰዎች የወጥ ቤታቸውን መደብ በተወለወለ ድንጋይ ማልበስ መውደዳቸው የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ገዢው እብነ በረዱንም ግራናይቱንም በአንድ ስም «እብነ በረድ» ሲል ሻጩ ሰምቶ ዝም ስለሚል፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

እብነ በረድ፣ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝም ይምጣ ከውጭ አገር፣ ከኖራ ድንጋይ የተለወጠ ስለሆነ ሎሚና አቼቶ ይበሉታል። ሀብሩ የፍራፍሬ አገር እንደ መሆኑ መጠን ሎሚና ብርቱካን ከወጥ ቤት አይጠፋም። የሎሚ ውሃ ጥቂት ደቂቃ ካረፈበት ወዙ ይጠፋና የደበዘዘ ምልክት ይቀራል። ይህ እድፍ አይደለም፤ የድንጋዩ ገጽ ተበልቷልና ባለሙያ እንደገና ካልወለወለው በቀር በማሸት አይለቅም። ግራናይት ግን ሎሚውን ይችለዋል፤ የእርሱ ጠላት ሳይጠረግ የሚያድር ዘይት ነው። ለሁለቱም ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ለስላሳ የዕቃ ሳሙናና ጨርቅ ይበቃል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀልማ ከድንጋዩ አልፎ የሚያጸዳውን ሰው ሳንባ የሚጎዳ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል።

«ገዢው ራሱ ይጠይቅ» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ልዩነት መኖሩን ያላወቀ ሰው ግን ምን ብሎ ይጠይቃል? ሻጩ በቁራጭ ድንጋይ ላይ ሎሚ ጠብ አድርጎ፣ ጥቂት ቆይቶ ቢያሳየው ወጪው ከአንድ ሎሚ አይበልጥም። የድንጋዩም ዓይነት በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ኋላ ክርክር ቢነሣ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሆናል።