እስራኤልን አይስላንድ ያደረገች መስመር

እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች አንድ አመል አለብን። ሥራ ጨርሰን ሻይ ስንጠጣ እንኳ «አንተ በስንት መስመር ጻፍከው?» መባባል እንወዳለን። ጨዋታው ስምም ወጥቶለታል፤ ኮድ ጎልፍ ይሉታል። በጎልፍ ኳሷን በጥቂት ምት ጉድጓድ የከተተ እንደሚያሸንፍ ሁሉ፣ እዚህም በጥቂት ፊደል የጨረሰ ያሸንፋል።

ሰሞኑን የያዘን የአገር መለያ ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው አይ.ኤስ.ኦ. 3166 ለየአገሩ ባለ ሁለት ፊደል፣ ባለ ሦስት ፊደልና ባለ ሦስት አኃዝ መለያ ይሰጣል። ኢትዮጵያ «ኢ-ቲ»፣ «ኢ-ቲ-ኤች» እና 231 ናት። (ከስልኩ 251 ጋር ዝምድና የለውም፤ እንዳትደውሉበት!) ባለ ሦስቱን ወደ ባለ ሁለቱ ለመለወጥ ታዲያ ምን ጣጣ አለው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ቆርጦ መውሰድ ነዋ።

በጎረቤት ጀመርን። ኤርትራ፣ ጅቡቲ፣ ሶማሊያ፣ ኬንያ፣ ሱዳን፣ ደቡብ ሱዳን፤ ስድስቱም ልክ ወጡ። አሜሪካና ሳዑዲም አላሳፈሩንም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በቃ ሠርቷል» ብሎ ላፕቶፑን ይዘጋል፤ እኛም ልንዘጋ ነበር። ዘመድ ያለበትን አገር ሁሉ እንሞክር ስንል ግን ጉዱ መጣ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች «ኤ-አር-ኢ» ስትቆረጥ «ኤ-አር» ትሆናለች፤ እሱ የአርጀንቲና ነው። ዱባይ ያለችው እህታችን ሳታስበው ቦነስ አይረስ ገባች። እስራኤል አይስላንድ ሆነች፣ ቻይና ስዊዘርላንድ፣ ቤኒን ቤልጅየም።

«እንግዲያው አንደኛውንና ሦስተኛውን ፊደል እንውሰድ» አልን። ኤምሬቶችና ቻይና ተስተካከሉ። እስራኤል ግን ኢራን ሆና አረፈችው! አሜሪካ ዩክሬን፣ የገዛ አገራችን ደግሞ ምዕራባዊ ሳሃራ።

ሳቅን፤ ነገሩ ግን የሳቅ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ዘዴ ስዊድን «ኤስ-ደብሊው» ትሆናለች፤ ይህን መለያ የያዘ አገር የለም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ አገሩን ፈልጎ ያጣና ይጮኻል። የምንፈራው ይህን አይደለም። የሚያስፈራው የኤምሬቶቹ ዓይነት ስህተት ነው፤ «ኤ-አር» እውነተኛ መለያ ስለሆነ ማንም አይጮኽም። ገንዘብ የሚልክ፣ ዕቃ የሚያዝ፣ የቪዛ ፎርም የሚሞላ ሰው መዝገቡ ላይ የሌላ አገር ነዋሪ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጥፋቱን የሚያገኘውም ኮዱን የጻፈው ሳይሆን እሱ ራሱ ነው።

በጨዋታው የሚያሸንፉት ሰዎች ይህን ያውቃሉ። ደንቡን ይዘው፣ ያመለጡትን አገሮች በአንድ ረጅም ሐረግ ውስጥ አጭቀው ያልፋሉ። ብልሃታቸውን እናደንቃለን። ወደ ሥራ ቦታ ሲመጣ ግን አንቀበለውም። ሐረጉን ከስድስት ወር በኋላ ማን ያነበዋል? ዛሬ በዝርዝሩ ያሉት 249 መለያዎች ናቸው፤ 249 ረድፍ ለስልክ እንኳ ሸክም አይሆንም።

ደግሞስ መለያዎቹን የሰጣቸው ሰው እንጂ ቀመር አይደለም። ፊደሉ የአገሩን ስም ይከተላል፣ ቁጥሩ ግዛቱን። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ስትለይ የኢትዮጵያ ፊደላት ባሉበት ቆዩ፣ ቁጥሯ ግን ከ230 ወደ 231 ተለወጠ። በ2011 የሱዳንም እንዲሁ ከ736 ወደ 729 ሄደ። የትኛው የፊደል ቆረጣ ነው ይህን የሚገምተው?

ጨዋታውን አልተውንም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጫወታለን። ለሥራ ከጻፍነው ውስጥ ግን ያቺን መስመር አውጥተን ሙሉውን ሠንጠረዥ አስገብተናል። ፋይሉ ረዝሟል፤ ቤኒንም ወደ አፍሪካ ተመልሳለች።