ሳያሰለጥን የተፈረደበት አሰልጣኝ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ ደጋፊው በአጭሩ ኤልኤስዩ የሚለው፣ ስቲቭ ኤንስሚንገርን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ የማጥቃት ክፍል ኃላፊ አድርጎ ሲሾም ብዙው ደጋፊ ዜናውን የተቀበለው በቁጣ ነበር። ሰውየው ስልሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ዩኒቨርሲቲው የሚገኝበት የባተን ሩዥ አካባቢ ልጅ ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለዚሁ ቡድን በኳርተርባክነት፣ ማለትም ኳሱን በሚወረውረው መሪ ተጫዋችነት፣ ተጫውቷል፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛውን ዕድሜውን በረዳት አሰልጣኝነት አሳልፏል። ደጋፊው ክሱን አዘጋጅቶ ጠበቀው። አርጅቷል ተባለ። ጊዜው አልፎበታል ተባለ። ገንዘብ ለመቆጠብ ነው ያመጡት፣ የዋና አሰልጣኙ የኤድ ኦርዤሮን ወዳጅ ስለሆነ ነው ተባለ። ይህ ሁሉ ሲባል ሰውየው በአዲሱ ሹመቱ አንድም ልምምድ አልመራም።

በሁለተኛው የውድድር ዘመን፣ በ2019፣ ያ የተናቀ ሰው የሚመራው የማጥቃት ክፍል 726 ነጥብ አስቆጠረ። በኮሌጅ ፉትቦል ከፍተኛው ምድብ እስከዚያ ድረስ በአንድ ዘመን ይህን ያህል ያስቆጠረ ቡድን አልነበረም። ኤልኤስዩ 15 ጨዋታ ተጫውቶ 15ቱንም አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ።

ታሪኩን የማነሳው ለኤንስሚንገር ዘግይቶ ምስጋና ለመስጠት ብቻ አይደለም። አሰልጣኝ በተቀጠረ ዕለት ፍርድ የመስጠት ልማድ በአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ውስጥ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቆጥሯል። የማጥቃት ክፍል ኃላፊ ሲቀየር ደጋፊው በአንድ ሌሊት ውስጥ ሰውየውን ወይ አዳኝ ወይ አጥፊ ያደርገዋል። ይህ ልማድ ስህተት ነው፤ ከስህተትነቱም በላይ ቡድኖችን እየጎዳ ነው።

ስፖርቱን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ሥራው ምን እንደሆነ ላስረዳ። ዋና አሰልጣኙ የቡድኑ ሁሉ አለቃ ነው፤ ማጥቃቱን ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው የተመደበ ኃላፊ ይመራዋል። ይህ ሰው ከስታዲየሙ ላይ ካለ የመስታወት ክፍል ወይም ከሜዳው ጠርዝ ሆኖ፣ በጆሮ ማዳመጫ እየተነጋገረ፣ ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ማን እንደሚሮጥ፣ ወዴት እንደሚወረወር ይወስናል። ጨዋታው በየጥቂት ሰከንዱ ይቆማል፤ እንደገና ይጀምራል። ደጋፊውን የሚያታልለውም ይህ ማቆሚያ ነው። በዚያች ፋታ ደጋፊውም በልቡ የራሱን ምርጫ ይመርጣል። የአሰልጣኙ ምርጫ ሜዳ ላይ ወርዶ ይሳካል ወይ ይከሽፋል፤ የደጋፊው ምርጫ ግን መቼም ስለማይሞከር መቼም አይከሽፍም። እንዲህ እያለ ዓመት ሲያልፍ ደጋፊው አንድም ጊዜ አልተሳሳተም፣ አሰልጣኙ ግን መቶ ጊዜ ተሳስቷል። አዲስ ሰው ሲቀጠር የሚመዘነውም በዚህ ሚዛን ነው።

ወደ ባተን ሩዥ ልመለስ። ኤንስሚንገር ለደጋፊው እንግዳ አልነበረም። በሴፕቴምበር 2016 ዋና አሰልጣኙ ሌስ ማይልስ ሲባረሩ የማጥቃቱ ኃላፊም አብሮ ተነሳ፤ ኤንስሚንገር በጊዜያዊነት ቦታውን ያዘ። በመጀመሪያ ጨዋታው ሚዙሪን 42 ለ 7 አሸነፉ፤ ከ600 ያርድ በላይም ተጓዙ። እርግጥ በዚያው ዘመን በአላባማ 10 ለ 0 ተሸንፈው አንድ ነጥብ እንኳ አላገኙም። ለጥርጣሬም ለተስፋም የሚሆን ማስረጃ ነበር። ዘመኑ ሲያልቅ ማት ካናዳ የሚባል፣ በረቀቀ ስልቱ ስም ያወጣ አሰልጣኝ ከፒትስበርግ መጣ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ተሰናበተ። ከዚያ ነው ኤንስሚንገር እንደገና የተጠራው፤ ደጋፊውም ያየውን መልካሙን ትቶ ክፉውን ብቻ ያስታወሰው። የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል እንዲሉ፣ ሰውየው የሚታወቅ መሆኑ ራሱ ወንጀል ሆነበት።

የ2018 ዘመን መካከለኛ ነበር። ቡድኑ 10 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። ከኦሃዮ ስቴት የተዛወረው ኳርተርባክ ጆ በሮው 16 የተችዳውን ኳስ፣ ማለትም ተቀባዩ በተቃራኒው የመጨረሻ ክልል ነጥብ የሚያስቆጥርበትን ኳስ፣ ወረወረ፤ በባተን ሩዥ ሜዳ ላይም አላባማ 29 ለ 0 ቀጣቸው። በጃንዋሪ 2019 ደግሞ ከፕሮፌሽናሉ የኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ቡድን ጆ ብሬዲ የሚባል የ29 ዓመት ወጣት የማቀበል ጨዋታው አስተባባሪ ሆኖ መጣ። የኃላፊነቱ ማዕረግና የአብዛኛው ትእዛዝ ሥልጣን ግን በኤንስሚንገር እጅ ቆየ። በዚያ ዓመት በሮው 60 ተችዳውን ወረወረ፤ ሃይዝማን የተባለውን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ወሰደ።

ከ16 ወደ 60። ደጋፊው ይህን ዕድገት በአንድ ቃል ፈታው፤ ብሬዲ አለ። የብሬዲ አስተዋፅኦ ትልቅ እንደነበር አልክድም፤ የዓመቱ ምርጥ ረዳት አሰልጣኝ ተብሎ መሸለሙም ይገባዋል። ነገር ግን በዚያ ቡድን ውስጥ ጃማር ቼስና ጀስቲን ጄፈርሰን ኳስ ይቀበሉ ነበር፤ ሁለቱም በኋላ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ከምርጦቹ ተርታ ተሰልፈዋል። ኳርተርባኩን የሚከልለው የፊት መስመር በአገሪቱ ምርጥ ተብሎ ተሸልሟል። በሚቀጥለው ጸደይ ፕሮፌሽናል ቡድኖች ከዚያ ስብስብ 14 ተጫዋች መረጡ። ከሁሉም በላይ በሮው በአንድ ኃላፊ ሥር ሁለተኛ ዓመቱን እየተጫወተ ነበር።

ኤንስሚንገር ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ዲሴምበር 28 ቀን 2019ን ይመልከት። በዚያን ዕለት ኤልኤስዩ በአትላንታ ከኦክላሆማ ጋር የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ነበረው። ጠዋት ላይ ጨዋታውን ለማየት ወደ አትላንታ የተነሳች ትንሽ አውሮፕላን ላፋዬት ከተማ ላይ ተከሰከሰች፤ ከሞቱት መካከል የኤንስሚንገር የልጁ ሚስት ነበረች። መርዶው የደረሰው ስታዲየም ውስጥ ሳለ ነው። ላሰልጥን አለ። ላይ ወጥቶ ቦታው ተቀመጠ፤ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ሲጠርግ ካሜራ አሳየው። ቡድኑ 63 ለ 28 አሸነፈ፤ በሮው በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 7 ተችዳውን ወረወረ። ከሁለት ዓመት በፊት አይረባም የተባለው ሰው ይህ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ልማዱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ያሳያል። ብሬዲ ወደ ካሮላይና ፓንተርስ ሄደ፤ በሮውና ጓደኞቹም ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ሄዱ፤ በ2020 ቡድኑ 5 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። ኤንስሚንገር ከኃላፊነቱ ተነሳ። ከዚያ በኋላ የሁሉም ፍላጎት ሁለተኛ ብሬዲ ማግኘት ሆነ። ዩኒቨርሲቲውም የሕዝቡን ልብ አነበበና ራሱ ብሬዲ ከሚሠራበት ከፓንተርስ ጄክ ፒትስን አመጣ። በእጁ አንድም የኮሌጅ ቡድን ማጥቃት መርቶ የማያውቅ ወጣት ነበር፤ ብዙ ደጋፊ ግን ከብሬዲ አጠገብ ስለመጣ ብቻ እልል አለለት። የ2021 ዘመን በ6 ድልና በ7 ሽንፈት ተዘጋ። ፒትስም ከዚያች አንድ ዘመን በኋላ ሄደ። በኤንስሚንገር ላይ የወረደው ቁጣና ለፒትስ የተሰጠው እልልታ አንድ ምንጭ አላቸው፤ ሁለቱም ከሥራ በፊት የተሰጡ ናቸው፣ ሁለቱም ከሸፉ።

ከፒትስ ቀጥሎ የመጣው ማይክ ዴንብሮክ ወጣት አልነበረም፤ ሃምሳውን ከተሻገረ ቆይቷል። በሥሩ የተጫወተው ጄይደን ዳንኤልስ በ2022 በመጀመሪያ ዓመቱ 17 ተችዳውን ወረወረ። በሁለተኛ ዓመቱ 40 ወረወረና እሱም ሃይዝማን ወሰደ። በሮውም ዳንኤልስም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው መጡ፤ ሁለቱም በመጀመሪያ ዓመት ተራ መስለው ታዩ፤ ሁለቱም በዚያው ኃላፊ ሥር ሁለተኛ ዓመት ሲያገኙ አበቡ። ኳርተርባክ የአንድን አሰልጣኝ ቋንቋ፣ ምልክትና አስተሳሰብ እስኪዋሐደው ጊዜ ይፈልጋል። በቅጥር ቀን የሚፈረደው ፍርድ መጀመሪያ የሚያጠፋውም ያንን ጊዜ ነው።

ይህ የሉዊዚያና ጠባይ ብቻ ነው የሚል ካለ ጆርጂያን ይመልከት። በፌብሩዋሪ 2023 ጆርጂያን ለሁለት ተከታታይ ሻምፒዮንነት ያበቃው የማጥቃት ኃላፊ ቶድ መንከን ወደ ባልቲሞር ፕሮፌሽናል ቡድን ሄደና ማይክ ቦቦ ተሾመ። ቦቦም እንደ ኤንስሚንገር የቤቱ ልጅ፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ኳርተርባክ ነው። ከ2007 እስከ 2014 ይህንኑ ሥራ ሠርቷል። ደጋፊው ስሙን ሲሰማ ያስታወሰው አንድ ቀን ነበር። በሴፕቴምበር 2014 ከሳውዝ ካሮላይና ጋር ሲጫወቱ፣ 38 ለ 35 እየተመሩ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩ፣ ወደ ተቃራኒው መስመር አራት ያርድ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ከኋላ ቶድ ገርሊን የመሰለ ሯጭ ቆሟል። ቦቦ ኳሱ እንዲወረወር አዘዘ፤ ኳርተርባኩ ተቀጣ፤ ከዚያ የተመታውም ኳስ ሳተ፤ ጆርጂያ ተሸነፈች። «አስሩጥ፣ ቦቦ» የሚለው የደጋፊው ጩኸት ከዚያ ወዲህ ከስሙ አልተለየም።

ውሳኔው መጥፎ ነበር፤ እኔም አልከላከለውም። ነገር ግን በዚያው በ2014 ዓመት ጆርጂያ በአማካይ ከ41 ነጥብ በላይ አስቆጥራ ነበር፤ እስከዚያ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ እንዲህ ያለ አማካይ አልታየም። ደጋፊው ዓመቱን ረስቶ አንዲቱን ኳስ ያዘ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም በዚያችው ኳስ ፈረደ። ቦቦ በተመለሰበት በ2023 ቡድኑ በአማካይ 40 ነጥብ አስቆጥሮ ከ14 ጨዋታ 13ቱን አሸነፈ።

ጠንካራው መቃወሚያ ደጋፊ ገንዘቡን፣ ቅዳሜውን፣ ድምፁን ስለሚከፍል መናገር መብቱ ነው የሚለው ነው፤ አዮዋም እንደ ምስክር ይጠራል። እስማማለሁ። አዮዋ ውስጥ ብራያን ፌረንዝ የዋና አሰልጣኙ የአባቱ የኪርክ ፌረንዝ ረዳት ሆኖ ከ2017 ጀምሮ ማጥቃቱን መራ። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ በ2023 በውሉ ውስጥ ቡድኑ በአማካይ 25 ነጥብ ማስቆጠር አለበት የሚል ግዴታ ተጻፈ፤ ደመወዙም ከ900,000 ወደ 850,000 ዶላር ወረደ። በዚያ ዓመት ያስቆጠሩት በአማካይ 15 ነጥብ ገደማ ነው። በኦክቶበር መጨረሻ እንደማይቀጥል ተነገረው። ደጋፊው ትክክል ነበር። ትክክል የሆነው ግን ሰባት ዘመን አይቶ ነው። ያየውን የሚተች ደጋፊ ለቡድኑ ባለውለታ ነው፤ ያላየውን የሚኮንን ግን ያየውን የሚተችበትንም ድምፅ ያረክሰዋል፤ ከጃንዋሪ ጀምሮ ሲጮህ የነበረን ሰው በኖቬምበር ማን ይሰማዋል?

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ጩኸቱን ይሰማሉ፤ ይፈራሉም። በ2021 ኤልኤስዩ ከኦርዤሮን ጋር ለመለያየት 16.9 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ሻምፒዮን ካደረጋቸው ሁለት ዓመት አልሞላም። ብዙ የማይነገርለት ግን ተጫዋቹ ነው። በ2017 ወደ ባተን ሩዥ ገብቶ እስከ 2021 የቆየ ልጅ በካናዳ፣ በኤንስሚንገርና በፒትስ ሥር አልፏል፤ በእያንዳንዱ ለውጥ ስልቱን ከፊደሉ ጀምሮ እንደገና አጥንቷል። ሲገባ የአሥራ ስምንት፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። በዚያ ላይ የሚማረው ትምህርት አለው፤ የመረጠው አሰልጣኝ ሳይመረቅ ይሄድበታል።

በአትላንታና በዳላስ አካባቢ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይህን ስፖርት የሚያውቁት በልጆቻቸው በኩል ነው። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ማሊያውን ለአባቱ ያመጣል፣ ቅዳሜ አብረው ይቀመጣሉ። የዚህ አገር ደጋፊነት መልካም ወገኑ ይህ ነው፤ ደስ ይለኛል። የቅጥር ቀን ቁጣውን ግን አብረን እንዳንቀበል እለምናለሁ። እኛ ዘንድም የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ የሚሰደብበት ጠባይ አለና፣ ሁለት ቦታ መድገሙ አያስፈልገንም።

አዲስ ስም ሲሰማ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። ኳርተርባኩ ማን ነው? ከፊት የሚከልሉት ተጫዋቾች አብረው ስንት ዘመን ተጫውተዋል? ዋና አሰልጣኙ ለአዲሱ ሰው ነጻነት ይሰጠዋል ወይስ እጁን ይይዘዋል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰው ስለ ቅጥሩ መልካምነት ወይም ክፋት የሚያውቀው ነገር የለም። የሚቀጥለው ኃላፊ ሲሾም፣ ወጣትም ይሁን ሽማግሌ፣ ከሩቅ ይምጣ ከቅርብ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዘመን ያሠልጥን። ሁለት ቢሆን የተሻለ ነው። ከዚያ በኋላ ደካማ ከሆነ በግልጽ ተናገሩ፤ እኔም አብሬያችሁ እናገራለሁ።