የ8ኛ ክፍልን ፈተና ለወላጆች ስለ ማስረዳት

በጋይንት አገር የሚኖር ገበሬ ልጁ ድጓ ተምሮ በቤተ ልሔም ተመሰከረ ሲባል ነገሩን ማንም ሳይተረጕምለት ያውቀዋል፤ ምን እንደ ተማረ፥ ከእንግዲህም ምን ለማስተማር እንደሚችል ይረዳል። ዝማሬ መዋሥዕት ለተማረውም ዙር አምባ እንደዚሁ ናት። ነገር ግን ያው ገበሬ ሁለተኛውን ልጁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ልኮ የ8ኛ ክፍል ውጤት የተጻፈበት ወረቀት በመጣለት ጊዜ የሚጠይቀው «አለፈ ወይስ ወደቀ?» ብሎ ብቻ ነው። ይህ የርሱ ጥፋት አይደለም፤ ሳናስረዳው የቀረን የኛ የጸሓፊዎችና የሹማምንት ጥፋት ነው።

ሕዝቡ ፈተናውን እስከ ዛሬ «ሚኒስትሪ» ይለዋል፤ ስሙ የቀረው ፈተናው ከትምህርት ሚኒስቴር ይመጣ ከነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ የሚያዘጋጀው ክልሉ ስለ ሆነ አቤቱታ ያለው ወላጅ ደጁን ማወቅ ይገባዋል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ነጥቡን በየትምህርቱ ለይቶ ማየት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግዲህ በድምሩ አልፎ በእንግሊዝኛ የደከመ ልጅ ክረምቱን ካልተረዳ በመስከረም መምህሩ የሚናገረውን አያስተውልም። አባቱ ግን «አልፏል» ስለ ተባለ ደስ ብሎት ለአረም ያሰማራዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና በመላ አገሪቱ ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ በሆኑ ጊዜ ብዙ ሰው ደነገጠ፤ ድካሙ ግን በዚያ ዓመት የተጀመረ አልነበረም።

«ወደቀች» የተባለችው ልጅ ነገር የባሰ ነው፤ ወረቀቱን ምክንያት አድርጎ ሽማግሌ የሚልክ አይጠፋምና። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለ ቆየ፥ ዝቅተኛ ነጥብ የልጅን ስንፍና ሳይሆን ያልተማረባቸውን ወራት የሚመሰክርበት ጊዜ አለ። የድጓ መምህር ያልበሰለውን ደቀ መዝሙር ወደ ቀለሙ ይመልሰዋል እንጂ ለትዳር አይሰጠውም።

ስለዚህ የደቡብ ጎንደር የትምህርት ሹማምንት ርእሳነ መምህራኑን ከካህናቱ ጋራ እንዲያገናኙ እናሳስባለን። የንስሐ አባት በየቤቱ ስለሚገባ ከማንም ይልቅ ይሰማል፤ አንድ ቀን ተቀምጦ ወረቀቱ እንዴት እንደሚነበብ ቢማር ለብዙ ቤት ይበቃል። የአንዱን ልጅ ነጥብ በአደባባይ ማንበብ ግን ነውር ነው፤ በአደባባይ የሚነገረው የአነባበቡ ሥርዓት ብቻ ይሁን። ለዚህም ነሐሴ 13 ቀን፥ ለደብረ ታቦር በዓል ሕዝቡ በየደብሩ በሚሰበሰብበት ጊዜ፥ ከምዝገባው አስቀድሞ የተመቸ ቀን ነው።