ስለ ጸሐፊዎች እጅና ስለ ኮምፒዩተር ጠረጴዛ

የመንግሥት ሥራ በትእዛዝ ይጀመራል፤ የሚፈጸመው ግን በጸሐፊ እጅ ነው። ስለዚህ የጸሐፊን እጅ ከሕመም መጠበቅ ለአንድ ሰው የሚደረግ ቸርነት ብቻ ሳይሆን የመንግሥትን ሥራ መጠበቅ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

የቀድሞዎቹ ቁም ጸሐፊዎች ብራናውን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመቃ ብርዕ ሲጽፉ ይውሉ ነበር። ድካማቸው ብዙ እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን ብርዑን ከቀለሙ ሲያጠቅሱ፥ ጫፉን ሲቀርጹ፥ መሥመር ሲያሰምሩ እጃቸው ሥራ እየለወጠ ያርፍ ነበር። በኮምፒዩተር የሚጽፍ ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት የለውም። ከዚህም በላይ አንዱን የአማርኛ ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል፤ ኦሮምኛውም በቁቤ ሲጻፍ የሚረዝመውና የሚጠብቀው ድምፅ ፊደሉ ስለሚደገም የጣት ሥራ ይበዛል።

ነገሩ ዛሬ የተገኘ አይደለም። ራማዚኒ የተባለው ኢጣልያዊ ሐኪም ስለ ሠራተኞች ሕመም የጻፈውን መጽሐፍ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1713 ዓመት ዳግመኛ ሲያሳትም፥ ጸሐፊዎችን የሚያሳምሟቸው ሳይነሡ መቀመጥ፥ እጅን ሳያቋርጡ በአንድ አኳኋን ማንቀሳቀስና የአሳብ ድካም መሆናቸውን ገልጧል። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ምክንያቱ ያው ነው።

በባሌ ደጋ ያለችውን አጋርፋን ለምሳሌ እንመልከት። ስንዴና ገብስ የሚበቅልባት፥ የግብርና ማሠልጠኛ ኮሌጅም ያለባት ስፍራ ናት። እንዲህ ባለው አገር የገበሬው ጉዳይና የተማሪው ውጤት በጸሐፊ ጣት ያልፋል። የደጋው ብርድ ጣትን ያደነዝዛልና ጸሐፊው «እጄ ደነዘዘ» ቢል እርሱ ራሱ በብርድ ያመካኛል፤ አለቃውም ስንፍና ይመስለዋል። ነገር ግን አውራ ጣት፥ ሌባ ጣትና የመካከለኛው ጣት በሌሊት የሚደነዝዙ ከሆነ በእጅ አንጓ የሚያልፈው ነርቭ መጨነቁን ሊያመለክት ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሳይቈይ ወደ ሮቤ ወይም ወደ ጎባ ሄዶ ለሐኪም ይታይ።

ለዚህ ሁሉ መድኀኒቱ በብዙ ገንዘብ የሚመጣ ልዩ ዕቃ ብቻ ነው የሚል ቢኖር ይታገሥ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ድርጅት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018 ባወጣው ምርመራ፥ የክንድ መደገፊያ ከተለየ ማውስ ጋራ ሲሆን የአንገትንና የትከሻን ሕመም ሊቀንስ እንደሚችል ገልጦ፥ ስለ ሌላው ዕቃ ግን ማስረጃው ጽኑ አለመሆኑን አመልክቷል። ስለዚህ በቅድሚያ ብዙ ወጪ የሌለው ነገር ይደረግ። የጠረጴዛው ከፍታ ከክርን ጋራ ይስተካከል፤ የእጅ አንጓ ቀጥ ይበል፤ እግር መሬት ይርገጥ፥ ባይደርስ ሣጥን ይደረግለት። የስክሪኑ ራስጌ ከዐይን ትይዩ ወይም ጥቂት ዝቅ ያለ፥ ርቀቱም የክንድ ያህል ይሁን። ላፕቶፕ ግን ስክሪኑና ኪቦርዱ የተያያዙ ስለ ሆኑ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍበት ሰው ኪቦርድና ማውስ ለብቻ ይጨመርለት፤ ላፕቶፑም በመዝገቦች ላይ ከፍ ይበል። ከሁሉም በላይ ጸሐፊው በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ እጁን ያፍታታ፥ ዐይኑንም ወደ ሩቅ ይመልስ።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሠራተኞች ዕረፍትንና ጤናማ የሥራ አካባቢን መብት አድርጎ ሰጥቷል። እንግዲህ ዕቃ ገዢዎች ኮምፒዩተሩን ሲገዙ ወንበሩንና ጠረጴዛውን አብረው ያስቡ፤ አለቆችም ጸሐፊው እጁን እንዳመመው ሲናገር በስንፍና ሳይፈርዱ አቀማመጡን ይመርምሩ። ኮምፒዩተር ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ የጸሐፊ እጅ ግን በጨረታ አይገኝም።