ፖለቲካው ከደጅ ይቆይ

ሰሞኑን ከማገኛቸው ወላጆች የምሰማው ጭንቀት አንድ ዓይነት ሆኖብኛል። ልጆች ተምረው፣ ራሳቸውን ችለው፣ በፖለቲካ ይኳረፋሉ። አንዱ በመጣበት በዓል ሌላው ይቀራል። እግርና እግርም ይጋጫል ብለን እንዳናልፈው፣ ኩርፊያው ዓመት እየደፈነ ነው። የእኔም ቤት ከዚህ አላመለጠም። ስለዚህ ዛሬ የአንዲት ሩቅ አገር እናት ታሪክ ላካፍላችሁ።

ወይዘሮ ቪዮሌታ ቻሞሮ እ.ኤ.አ. በ1929 በኒካራጓ ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤታቸው ፔድሮ ሆአኪን ቻሞሮ «ላ ፕሬንሳ» የተባለውን የቤተሰብ ጋዜጣ እየመሩ የሶሞዛን አምባገነን አገዛዝ በድፍረት ተቃወሙ። ታሰሩ፣ ተሰደዱ፣ በ1978 መጀመሪያም ዋና ከተማዋ ማናጓ ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ልጆች ሲያሳድጉ የኖሩት እናት የጋዜጣው ኃላፊነት በትከሻቸው ወደቀ።

በ1979 ሶሞዛ ሲወድቅ አገሪቱን ከተረከቡት 5 የሽግግር መንግሥት አባላት አንዷ ሆኑ። የሳንዲኒስቶች አካሄድ ስላላማራቸው ግን ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ። ጋዜጣቸው መንግሥትን መተቸት ሲቀጥል ሳንሱር በረታበት፤ በ1986 ተዘጋ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተከፈተ።

ጠቡ ቤታቸውም ገባ። 4 ልጆቻቸው ሁለት ለሁለት ተከፈሉ። ክላውዲያ የሳንዲኒስት መንግሥት አምባሳደር ነበረች፤ ካርሎስ ፈርናንዶ የፓርቲው ልሳን የ«ባሪካዳ» ዋና አዘጋጅ። ክሪስቲያና በእናቷ ጋዜጣ ትሠራለች፤ ፔድሮ ሆአኪን ደግሞ መንግሥትን በጦር መሣሪያ ከሚወጉት ከኮንትራዎች መሪዎች ጋር ተሰልፏል። በአንድ ቤት ሁለት ጋዜጣ፣ ሁለት ግንባር!

እናትየው ግን ልጆቻቸውን ለምግብ ይሰበስቡ ነበር። ደንባቸው አንድ ነው፤ በማዕድ ላይ ፖለቲካ አይነሳም።

እኔን የነካኝ እርሳቸው ራሳቸው ገለልተኛ አለመሆናቸው ነው። ጋዜጣቸው የሁለት ልጆቻቸውን ፓርቲ ይተቻል። በ1990 ምርጫ የ14 ፓርቲዎች ጥምረት ዕጩ ሆነው፣ በተሰበረ ጉልበታቸው በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ ቀስቅሰው፣ ዳንኤል ኦርቴጋን አሸነፉ። አቋማቸውን አልደበቁም። ልጆቻቸውን ግን «ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ኑ» አላሉም፤ «ኑ» ነው ያሉት።

ሥልጣን ሲይዙም አስገዳጅ የውትድርና ምልመላን አስቀሩ፤ ኮንትራዎች ትጥቅ ፈቱ። የተሸናፊውን ወንድም በጦር ኃይሉ አዛዥነት በማቆየታቸው የገዛ ደጋፊዎቻቸው ተቆጥተዋል። ኑሮው ለሕዝቡ ከባድ ነበር፤ ሰላሙ ግን መጣ። በ1997 ሥልጣናቸውን በሰላም አስረከቡ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኦርቴጋ ዳግም በሥልጣን ላይ ሳሉ፣ በ2021 ክሪስቲያናና ፔድሮ ሆአኪን ታሰሩ። ያኔ ከሳንዲኒስቶች ጋር የነበረው ካርሎስ ፈርናንዶም በሥልጣን ላይ ያሉትን የሚተች ጋዜጠኛ ሆኖ ተሰደደ። በተለያየ ጎራ የነበሩት ወንድማማቾች አንድ ዓይነት መከራ አገኛቸው። ወይዘሮ ቪዮሌታ በ2025 በ95 ዓመታቸው በኮስታ ሪካ አረፉ።

ዛሬ የሚኳረፉት ልጆቻችን ነገ ማን ማንን እንደሚፈልግ አያውቁም። እኛም አናውቅም። ስለዚህ እኔ ለመጪው በዓል የወሰንኩትን ልንገራችሁ። ሁለቱንም ልጆቼን ራሴ እደውልላቸዋለሁ፤ ወንድምህም ይመጣል ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። የአንዱን ወሬ ለሌላው አላደርስም። ስልካቸውን በር ላይ አስቀምጠው ይገባሉ፤ ክርክር ያማረው ከሦስተኛው ቡና በኋላ በረንዳው አለለት። ማን ልክ እንደሆነ እንድፈርድ ከጠየቁኝ መልሴ እንጀራ መጨመር ነው።