ለፅንስ የገባው ማሽን ለጡትስ?

በየዓመቱ ጥቅምት ሲቃረብ አዲስ አበባ ሮዝ ሪባን ትለብሳለች። በየሆቴሉ አዳራሽ ስብሰባ ይጠራል፣ ሻይ ቡና ይባላል፣ «እናቶች ሆይ፣ ጡታችሁን ተመርመሩ!» ተብሎ ይጨበጨባል። እሺ፣ ይመርመሩ። ግን የት? ለመሆኑ እምድብር ያለች እናት ጡቷ ላይ እብጠት ብትዳስስ ወዴት ትሂድ?

የቸሃ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ወይ «ምች ነው» ብላ ትቀመጣለች፣ ወይ ወደ ወልቂጤ በሚወስደው መንገድ የካቶሊክ እህቶች እ.ኤ.አ. በ1969 ወዳቋቋሙት አጣጥ ሆስፒታል ትሄዳለች። ከዚያ ካለፈ ላም ተሽጦ አዲስ አበባ ነው። በመርፌ ናሙና መውሰድ ራሱ ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ጣጣው ከመርፌው በኋላ ነው። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚፈርድ ሐኪም በየወረዳው የለም። ውጤት እስኪመጣ ዘመድ ቤት ማደር፣ ልጆች ጎረቤት ላይ መጣል፣ እንሰቱን ማን ይፋቀው እያሉ መብሰልሰል አለ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ብዙዎቹ «ካንሰር አይደለም» ይባላሉ። የጡት እብጠት አብዛኛው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ወይም ጉዳት የሌለው እጢ ነውና። በሀብታሟ አሜሪካ እንኳ ናሙና ከሚወሰድባቸው አምስት ሴቶች አራት ያህሉ ካንሰር የለባቸውም።

ፈረንጆቹ ታዲያ ዝም አላሉም። እ.ኤ.አ. በ1995 ዶክተር ስታቭሮስና ባልደረቦቻቸው 750 ጠጣር እብጠቶችን በአልትራሳውንድ መርምረው፣ «ደህና ነው» ካሏቸው ውስጥ 99.5 በመቶው በናሙናም ደህና ሆኖ ተገኘ። የሚያዩት ቅርፁን ነው፤ ጠርዙ ልሙጥ ነው ወይስ የተቆራረጠ? ወደ ጎን የተኛ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የቆመ? ቆይቶም የእብጠቱን ጥንካሬ የሚለካ አልትራሳውንድ መጣ። በ2021 ደግሞ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮምፒዩተር ሐኪሙን ሲያግዝ የሚታዘዘው ናሙና በ27.8 በመቶ እንደሚቀንስ አሳዩ። (ኮምፒዩተሩ የተማረው በኒውዮርክ ሴቶች ምስል ነው፤ እኛ ጋ ሳይፈተሽ ይግባ ማለቴ አይደለም።)

እዚያ ያስቸገረው የመርፌው መብዛት ነው። እዚህ ግን መርፌው ለሚያስፈልጋት ሴት ሳይደርስ ይቀራል፤ በአገራችን አብዛኞቹ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ለእኛ አልትራሳውንድ ማለት ወንፊት ነው። ደህናዋን «ከስድስት ወር በኋላ ተመለሺ» ብሎ ወደ ቤቷ፣ አጠራጣሪዋን ያለ ቀጠሮ ወደ መርፌው። አጠራጣሪውን «በአልትራሳውንድ አይተነዋል» ብሎ ማለፍ ግን ነፍስ ማጥፋት ነው!

«ማሽን የለንም» እንዳትሉን። ለነፍሰ ጡር የሚሆን አልትራሳውንድ ወደ ገጠር መውረድ ከጀመረ ቆይቷል። ሆድ የሚያየው ቆልማማ ፕሮብ ግን ለጡት አይሆንም፤ ለጡት ቅርቡን አጥርቶ የሚያሳይ ቀጥ ያለ ፕሮብ ይፈልጋል። ብዙው ማሽን ይህን ተጨማሪ ፕሮብ ይቀበላል፣ ዋጋውም እንደ አዲስ ማሽን አይደለም። ከፕሮቡ የሚከብደው የሰው ሥልጠና ነው፤ ሥልጠና ደግሞ ሪባን ስለማይቆረጥለት ባለሥልጣን አይወደውም።

በንጉሡ ዘመን ገንዘብ አዋጥቶ አገሩ ድረስ መንገድ ያስጠረገ የጉራጌ ሕዝብ፣ ለመስቀል ሲገባ ለአንድ ፕሮብ አዋጡ ቢባል እምቢ አይልም። ግብር የሚከፍለው ግን ለምንድነው? የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ጤና ቢሮ ይመልስልን፦ ለጡት የሚሆን ፕሮብና የሠለጠነ ሰው ያላቸው ሆስፒታሎቻችሁ ስንት ናቸው? ቁጥሩን በስም እየጠራችሁ ንገሩን።